በአራት ቤት ያደረ ወርቅ

መቅደላዊት መናገር የጀመረችው ተቀምጣ ነበር፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ግን ቆማ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝና እቀመጣለሁ» አለች። «የግንባር ጌጥ ከፉል ሴት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? አዎ ወይም አይ በሉኝ። እኔ ትምህርት ቤት ሰባ ልጅ አንድ ክፍል አጉሬ ታሪክ አስተምራለሁ። ሰባው ተባብረው እንደ እናንተ አላደከሙኝም።»

የሴቶቹ እድር የተሰበሰበው ነጌሌ፣ እትዬ ብዙወርቅ ግቢ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ነው። ጥያቄው ለሌላ ሰው ተራ ሊመስል ይችላል። ለመቅደላዊት ግን ተራ አልነበረም፤ ልጇ ረሆቦት ልትዳር ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀራትም፤ ለሙሽራ የሚዋሰው ወርቅ ደግሞ የእድሩ ነበር።

ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት ራሕማ እግሯን አጣጥፋ፣ ሻርፗን አስተካክላ መለሰች። «እኔ ፉል ሴት የሚባለውን አላውቅም። እኔ የማውቀው ጠቅም ነው፤ የሙሽራ ሙሉ ጌጥ። ባሌ ዓብዱልባሲጥ ከጂዳ ሲመጣ ያየውም፣ እናቴ የተዳረችበትም ጠቅም ነው። ጠቅም ከግንባር ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። ግንባሩን ከቆረጥሽው የቀረው ጠቅም አይደለም፤ እቃ ነው።»

«በወርቅ ቤት ፉል ሴት ሲባል ሀብል፣ ጉትቻ፣ አምባር፣ ቀለበት ነው። አለቀ።»

«የማን ወርቅ ቤት? ክርስቲያን ወርቅ ቤት?»

«ወርቅ ቤት ሃይማኖት አለው እንዴ ራሕማ?»

ቅቤና ወተት የምትነግደው ዲንኪቱ፣ ጉጂ ናት፣ ከወደ ጥጉ ሳቀች። «እኛ ፋያ ነው የምንለው። ፋያ ደግሞ ሙሽራዋ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ነው። ጨሌውም፣ ፀጉሯ ላይ ያለው ቅቤም።»

«ቅቤው ላይ ገና አልደረስንም» አለች መቅደላዊት።

«ድረሱበታ፤ እኔ ነኝ የማቀርበው።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ መቅደላዊት አልሳቀችም። ነገሩ የሚያናድዳት ይኸው ነበር፤ አንድ ወርቅ አራት ስም አለው፣ በየስሙ ሲቆጠር ቁጥሩ ይለያያል፣ ማንም ግን መቁጠሪያውን አንድ ለማድረግ አይፈልግም። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ብዙወርቅ ደግሞ እድሜያቸውን ተገን አድርገው «እኔ ስዳር ጌጥ ይባል ነበር፤ ጌጥ ተብሎም ይበቃ ነበር» አሉ።

የእድሩ ደንብ ግልጽ ነበር፤ ወርቁ ሲወጣ ሙሉው ይወጣል፣ ሙሽራዋ ላይ ሙሉው ይውላል፣ ሲመለስ ሙሉው ይመለሳል። አንዲት እናት ለልጇ ምርቃት ጉትቻውን ብቻ አውሱኝ ብላ በመጣች ጊዜ፣ ተነሥታ ይህን ደንብ ያስወሰነችው ራሷ መቅደላዊት ነበረች። አሁን ደንቡ ዞሮ እሷኑ ያዛት። ረሆቦት ቤተ ክርስቲያን በተክሊል ነው የምታገባው፤ ራሷ ላይ ዘውድ ይደፋል፤ ዘውድ በተደፋበት ግንባር ላይ ሌላ ጌጥ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። የግንባሩ ጌጥ ከስብስቡ አይቆጠርም ከተባለ ችግሩ ያልቃል። ይቆጠራል ከተባለ፣ አብሮ ይወጣል ወይም ሁሉም ይቀራል።

«እኔ የምለው ከግንባር ይቅርልኝ ነው እንጂ ይጣል አላልኩም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ወላሂ ብለሻል» አለች ራሕማ። «ከስብስቡ አይቆጠርም ማለት ምን ማለት ነው? ስናዋጣ ሙስሊሟ ከግንባር በታች ላለው ብቻ ትከፍላለች የተባለ ነገር አልነበረም። እኩል ነው ያዋጣሁት። የፈርሃናም ተራ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ልጄ የምታደርገው ትርፍ ነገር ነው ልትሉኝ ነው?»

በመጨረሻ እትዬ ብዙወርቅ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ አደረጉ። «ይወጣል። ሙሽራዋ ብትፈልግ ኪሷ ትክተተው።»

«የሙሽራ ልብስ ኪስ የለውም እትዬ።»

«እንግዲያው አሰፊላት።»

መቅደላዊት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በሩ ላይ ዲንኪቱ ክንዷን ያዝ አድርጋ «ናጋ፣ ናጋ በይ እንጂ» አለቻት፤ ተረጋጊ ማለቷ ነበር። መቅደላዊት ያልተረጋጋችው ግን ከዚያ ቀን ጀምራ አልነበረም።

ያልተረጋጋችው ከ1984 ዓ.ም. ጀምራ ነው።

አባቷ ነጌሌ ጦር ሰፈር የኖረ ወታደር ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ደመወዙም፣ ማዕረጉም፣ የሚያውቁት ሰዎችም አብረው ተበተኑ። እሷ ያገባችው በዚያው ሰሞን ነው። ቤት ውስጥ የወርቅ ዘር አልነበረም። እናቷ ከአንዷ ጎረቤት ሀብል፣ ከሌላዋ ጉትቻ፣ ከሦስተኛዋ ቀለበት ለምና አለበሰቻት። ሀብሉ ቢጫ፣ ጉትቻው የነጣ፣ ቀለበቱ ደግሞ ለጣቷ የሰፋ ነበር። የባሏ የሥዩም እናት መልሱ ላይ ከላይ እስከ ታች አይተዋት፣ ሰው እየሰማ፣ «ይቺ ልጅ ከየቤቱ የተለቀመች ትመስላለች» አሉ። ከዚያ በኋላ ሊያርፉ ታመው በተኙ ጊዜ እንኳ፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ስታስታምማቸው፣ ይቺው ቃል አልጠፋቻትም። መቅደላዊት ብዙ ነገር ይቅር ብላለች፤ ይህን ግን ይቅር ለማለት ሞክራም አታውቅ።

እድሩ ድንኳንና ድስት ብቻ ከሚገዛ ወርቅም ይግዛ ብላ የተሟገተችው ለዚህ ነበር። ረሆቦት ገና መሄድ ስትጀምር ነው ወርቁ የተገዛው፤ ራሕማ የግንባሩንም ካልጨመራችሁ አላዋጣም ስላለች፣ ከዚያው ከሻጩ ተመሳሳይ የሆነ ተፈልጎ ተጨመረ። ሁሉም ከአንድ እጅ የወጣ፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት አበባ የተቀረጸበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁሉም ዓይነት ቤት የወጡ ሙሽሮች በሱ አምረው ወጥተዋል። ማንም ግን ከየቤቱ የተለቀመች አልተባለችም።

ኋላ መንገዱ ሁሉ የሚያስፈራበት፣ ሰው በየምሽቱ ክፉ ወሬ የሚሰማበት ጊዜ መጣ። ሴቶቹ ተሰብስበው አንድ ዘዴ አወጡ። ወርቁ አንድ ቤት ከሚቀመጥ በአራት ቤት ይደር፤ አንዱ ቤት ቢዘረፍ ሌላው ይተርፋል። ሀብሉን እትዬ ብዙወርቅ ወሰዱ። ጉትቻው ለመቅደላዊት ደረሰ። አምባሩንና ቀለበቱን ዲንኪቱ፣ የግንባሩን ጌጥ ራሕማ ያዙ። ሠርግ ሲኖር ብቻ አራቱ ይሰበሰቡና ይገጣጠማል ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት የረባ ሠርግ አልነበረም፤ ያገቡትም በጓዳ አገቡ፤ ወርቁም በየቤቱ ተቀመጠ።

ጣጣው የተጀመረው ያኔ ነው፤ ማንም ሳያውቀው።

ከስብሰባው አንድ ወር ቀደም ብሎ መቅደላዊት ለትውውቅ ክብረ መንግሥት፣ የሙሽራው የባስልዮስ ቤተሰቦች ዘንድ ሄዳ ነበር። የባስልዮስ ታላቅ እህት ሚስጥር እዚያ ወርቅ ቤት አላት። ምሳ እንደተነሣ ሚስጥር ጥርሷን በስንጥር እየጠቀጠቀች «እትዬ መቅዲ፣ ፉል ሴት ከእኛ ይምጣ አይደል? ሱቄ ውስጥ አዲስ የገባ አለ» አለች። ወጉም እንደሱ ነው፤ የሙሽራው ወገን ያመጣል። አነጋገሯ ግን አልጣማትም። የሌላቸውን ሰዎች የሚያጽናና ዓይነት አነጋገር ነበር።

«አለን» አለች መቅደላዊት። «ልጄ ከቤቷ አምራ ነው የምትወጣው።»

በዚያው ቀን ወደ ገበያው ወርዳ፣ ሚስጥር የማታውቀውን አንጥረኛ ፈልጋ፣ በመሐረብ ቋጥራ የያዘችውን ጉትቻ ሰጠችው። ማሳጠብ ብቻ ነበር የፈለገችው። ሰውየው ወደ ብርሃን አነሣው፣ አየው፣ «ደብዝዟል፤ ቀይ ቅብ ላድርግልሽ፤ አሁን ሰው የሚወደው ይህንን ነው» አላት። እሺ አለች፤ ሲመልስላት እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። መቅደላዊት ልቧ በደስታ ዘለለ። ስብስቡ ሁሉ ድሮም ቀላ ያለ መሰላት፤ የቀሩትን አራቱን ካየች ዓመታት አልፈው ነበርና፣ በሐሳቧ የምታየው ጉትቻዋን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሠርጉ ዋዜማ፣ አራቱ ሴቶች እትዬ ብዙወርቅ ሳሎን ተሰበሰቡ። ወርቁን የማሰባሰቡ ሥርዓት ከመጀመሪያውም ጀምሮ አንድ ነው። ትሪ ላይ ነጭ ነጠላ ይነጠፋል። እትዬ ብዙወርቅ የጌጡን ስም ይጠራሉ፤ ያስቀመጠችው ሴት አውጥታ ታኖራለች፤ ሌሎቹ አይተው በአንድ ድምፅ «አለ» ይላሉ። ያልተጠራ አይወጣም።

ራሕማ ከስብሰባው ጀምሮ መቅደላዊትን አላናገረቻትም። አሁንም ሰላምታ የሰጠቻት ለግድግዳው ነበር።

«የአንገት ሀብል» ብለው ጠሩ እትዬ ብዙወርቅ፤ ራሳቸውም ከደረታቸው ሥር አውጥተው አኖሩት።

ማንም «አለ» አላለም።

ሀብሉ ቢጫ ነው፤ እንደ ድሮው። መሐሉ ላይ ግን አበባው የነበረበት ቦታ አንድ ትልቅ የብር መስቀል ተበይዶበታል።

«የእናቴ ነው» አሉ አሮጊቷ፣ ሁሉም ያዩበትን ነገር እያዩ። «ለረሆቦት በረከት ይሁናት ብዬ። ተናግሬ ሳይሆን ድንገት እንዲሆን ብዬ ነው።»

«እትዬ» አለች መቅደላዊት። ሰማንያ ዓመት የተጠጋትን ሴት ስለ እናቷ መስቀል ምን ይሏታል? «አለ» አለች በመጨረሻ። ሌሎቹም አሉ።

«ጉትቻ።»

መቅደላዊት መሐረቧን ፈታች። ከቢጫው ሀብል አጠገብ ሲቀመጥ ጉትቻው ጭራሽ የሌላ አገር ወርቅ መሰለ። 

«ምን አደረግሽው?» አለች ራሕማ። ከስብሰባው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«አሳጠብኩት።»

«በምን? በበርበሬ?»

«ዝም በይና የራስሽን አውጪ።»

ራሕማ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ጠጋ አደረገች።  «አምባርና ቀለበት» ሲባል ዲንኪቱ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታች፤ የአምባሩ ወርቅ ግን የለም። ማለት አለ፤ ነገር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይና ነጭ ጨሌ ተጠምጥሞበታል፤ በጣም በጥንቃቄ፣ በጣም በሚያምር እጅ። ወርቁ የሚታየው በጨሌዎቹ መሐል በጭላንጭል ነው።

«እናቴ ናት የሠራችው» አለች ዲንኪቱ በኩራት። «ዓይኗ እያየ አይደለም፤ በጣቷ እየዳሰሰች ነው የጠመጠመችው። ባዶ ወርቅ በሙሽራ ክንድ ላይ ባዶ ነው አለችኝ። ቀለበቱን አልነካችውም፤ ትንሽ ነው አለች።»

ቀለበቱ ብቻውን እንደ ተፈጠረ ተቀመጠ። የደበዘዘ ቢጫ ነበር፤ ማንም አላጠበው።

«የግንባር ጌጥ» ሲባል ሁሉም ወደ ራሕማ ዞሩ። ራሕማ የእጅ ቦርሳዋን ለመክፈት ጊዜ ወሰደች። የግንባሩ ጌጥ ሲወጣ ነጭ ነበር፤ እንደ ጨረቃ የነጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወርቅ ይሁን ብር የማይለይ።

«ሞያሌ ነው ያስደረግሁት» አለች ወደ ትሪው እያየች። «ነጭ ቅብ። ለረሆቦት። በነጭ ቀሚስ ላይ ነጭ ያምራል ብዬ። ስብሰባው ላይ ከስብስቡ አይቆጠርም ስትዪ… ተመልሶ ከመጣልኝ ሦስት ቀኑ ነበር።»

 መቅደላዊት ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ጠቅም ጠቅም፣ ከየት እንደመጣ አሁን ገባት፤ ገብቷትም የባሰ ተናደደች፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ራሕማ ላይ መናደድ እንኳ አትችልም።

«እናንተ ሰዎች» አለች። «ይሄ አንድ ዓይነት እንዲሆን ብለን አይደል የገዛነው? ለዚያ አይደል? አንድ ዓይነት መሆኑ እኮ ነው ስሙ! መስቀል፣ ጨሌ፣ ነጭ ቅብ፤ ማን አድርጉ አላችሁ? ማን ጠየቃችሁ?»

«ቀዩን ማን ጠየቀሽ?» አለች ራሕማ።

ዲንኪቱ «ማል ጎና፣ ምን እናድርግ እንግዲህ» ብላ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። እትዬ ብዙወርቅም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መቅደላዊት ሁሉንም እያፈራረቀች አየች። የሚፈታ ነገር የለም። መስቀሉ ተበይዷል። ቅቡ አይለቅም። ጨሌውን ለመፍታት የምትደፍር፣ የዓይነ ስውሯን ሴት ጣቶች እያሰበች የምትፈታ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አልነበረችም፤ እሷም ራሷ አልነበረችም። ሠርጉ ነገ ነው።

ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች።

ቃሏን መዋጥ ነበረባት፤ ሌላ መንገድ አልታያትም። ልጇ ከየቤቱ የተለቀመች ከምትባል እሷ አፏ ምሬት ቢሞላው ይሻላል። የሚስጥርን ቁጥር ደወለች። ሚስጥር ወዲያው አነሣች፤ ከኋላዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ መቅዲ፣ ደህና ዋሉ? መንገድ ላይ ነን። አይጨነቁ፣ ፉል ሴቱን ይዤዋለሁ።»

«የቱን?»

«ሱቅ ውስጥ ያለውን ነዋ። ‹አለን› ሲሉኝ እኔ እኮ አውቄ ነበር። ለማንኛውም ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሰው አለኝ ሲል ዝም ይባላል እንጂ…»

 ሚስጥር ያለችው ነገር ስህተት አልነበረበትም። ደግ ነገር ነው የሠራችው። ነገር ግን ‹አውቄ ነበር› የሚለውን ቃል መቅደላዊት ማለፍ አልቻለችም።

«የደወልኩት መንገዱ እንዴት ነው ለማለት ነው» አለች። «ዝናብ እንዳይዛችሁ ብዬ። ወርቁ ግን እንዳያስቸግርሽ፤ እኛ አለን።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ። ደህና ግቡ።»

ዘጋችው፤ ከዘጋችውም በኋላ በገዛ ራሷ ተናደደች። አንዳንዴ ሰው በንዴት የሚናገረው ቃል ከዕቅዱ ሁሉ ይበልጣል፤ እሷ ሕይወቷ ሙሉ የሆነባት እንደዚያ ነው።

ስትመለስ ረሆቦት ደርሳ ትሪው ፊት ቆማለች። ሐኪም ቤት የምትሠራ፣ ቶሎ የማትደነግጥ ልጅ ናት። ወርቁን አንድ በአንድ ስታየው ቆይታ «የቱን ነው የማደርገው?» አለች።

«ሁሉንም» አለች ራሕማ። «ደንብ ነው። እናትሽ ያወጣችው ደንብ ነው።»

ረሆቦት ሳቀች። መቅደላዊት መታገሥ አልቻለችም። «ምን ያስቅሻል? አያትሽ ለእኔ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ እማዬ። ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። ግን ያሉት ለአንቺ ነው፤ እኔን አላሉኝም።» ነጩን የግንባር ጌጥ አነሣችና ሰንሰለቱን ግራ እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው። አበባው የእጇ ጀርባ ላይ ዐረፈ። «እዚህ አይሆንም?»

ራሕማ ቅንድቧን አነሣች። «ግንባር እጅ ላይ ሲወርድ ገና ዛሬ አየሁ።»

«ትልቋ አክስቴ ካልፈቀድሽ አላደርገውም።»

ራሕማ አክስት አይደለችም፤ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ግን ተነሥታ የሰንሰለቱን ማያያዣ ራሷ ቆለፈችላት። «አጥብቄዋለሁ። ቢጠፋ ዓብዱልባሲጥ ይገድለኛል» አለች።

በማግሥቱ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ ረሆቦት ላይ ሁሉም ጌጥ ነበር። ጆሮዋ ላይ ቀይ፣ አንገቷ ላይ ቢጫና ብር፣ ክንዷ ላይ ጨሌ፣ የእጇ ጀርባ ላይ ነጭ፣ ጣቷ ላይ የደበዘዘ ቀለበት። ባስልዮስ አጠገቧ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል፤ ሰውየው የሚያያት ፊቷን ነበር።

ሚስጥር ግን ወርቅ ነጋዴ ናት፤ የምታየው ወርቁን ነው። መቅደላዊት ከእድሩ ሴቶች ጋር የድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ እንግዳ ስትቀበል መጥታ ሳመቻትና ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እትዬ መቅዲ፣ ነጌሌ ይሄን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?»

«ፉል ሴት።»

«አራት ቀለም አለው።»

«አምስት ነው። ቀለበቱን ዘለልሽው።»

ሚስጥር ለመሳቅ ፈልጋ ተወችው። የመስደብ ዓላማ አልነበራትም፤ ያየችውን መናገር የለመደች ሰው ናት። «አይ፣ እኔ እንኳ… ከየቤቱ የተለቀመ መሰለኝና ነው።»

ይቺ ቃል ከየት እንደመጣች እግዚአብሔር ይወቅ። አማቷ ካረፉ ስንት ዘመን ሆኗል፤ ቃሏ ግን ክብረ መንግሥት ዞራ መጣች። መቅደላዊት የዘመናት ንዴቷን ሁሉ ልታወጣው ተዘጋጀች። የወጣው ግን እሷም ያልጠበቀችው ነገር ነበር።

«አዎ» አለች። «ከየቤቱ ነው የተለቀመው። ቤቶቹን ላሳይሽ?»

ክንዷን ዘርግታ አሮጊቷን ሳበቻቸው። «ሀብሉ የእትዬ ብዙወርቅ ቤት ነው፤ መስቀሉ የእናታቸው ነው። አምባሩ የዲንኪቱ ቤት፤ ጨሌውን እናቷ ሳታይ የሠራችው ነው፤ ሱቅሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ካለ አሳዪኝና እገዛለሁ። ነጩ የራሕማ ቤት፤ ሞያሌ ድረስ ልካ ያስነጣችው። ቀዩ የእኔ ነው። ጉትቻውን ያቀላው ደግሞ የእናንተው አገር አንጥረኛ ነው፤ ካላማረሽ እሱን ጠይቂው።»

ሚስጥር አራቱን ሴቶች እያፈራረቀች አየች። «ቀዩ ጎበዝ ሥራ ነው» አለች።

«ጎበዝ አይደለም» አለች ራሕማ። «በርበሬ ነው የሚመስለው። ግን ከእኛ ሌላ ሰው እንዲህ እንዲል አንፈቅድም። ግቢ፣ ምግብ ቀርቧል።»

ሚስጥር ገባች።  ራሕማ ሳትዞር መቅደላዊትን «ጮህሽ» አለቻት።

«አልጮህኩም።»

«ድንኳኑ ሁሉ ሰምቷል። ደግ አደረግሽ።»

ሠርጉ ያለፈ ሳምንት ወርቁ ተመልሶ ትሪው ላይ ተጠራ፤ ሁሉም «አለ» ተባለ። ከዚያ መቅደላዊት ተነሥታ፣ ከእንግዲህ ማንም ያስቀመጠችውን ጌጥ ለብቻዋ እንዳታስቀባ፣ እንዳታስበይድ፣ እንዳትጠመጥም፤ ሁሉም በአንድ ላይ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ ወደ ጥንቱ ቀለሙ ይመለስ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሐሳቡ ሙሉ ተቀባይነት አገኘ፤ የጥንቱ ቀለም የቱ ነው ወደሚለው ጥያቄ እስኪደረስ ድረስ። እትዬ ብዙወርቅ ቢጫ ነበር አሉ። ራሕማ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ነበር ብላ ማለች። ዲንኪቱ ቀለሙን አላስታውስም፣ ጨሌው ግን ድሮም የነበረ ይመስለኛል አለች። መቅደላዊት ቀይ ነበር ብላ ድርቅ አለች፤ ከዚያም የማስታወሻ ፎቶ ይታይ ተብሎ ሲፈለግ፣ የድሮዎቹ ሙሽሮች ፎቶ ሁሉ የደበዘዘ ወይም በፀሐይ የጠፋ ሆኖ ተገኘ።

«እሺ ይቆይ» አሉ እትዬ ብዙወርቅ። «ሌላ ጉዳይ አለ?»

ራሕማ ጉሮሮዋን አጸዳች። ፊቷ ጠቁሯል። «ፈርሃና ከረመዳን በኋላ ልትዳር ነው።»

ሁሉም እልል አሉ።

«ቆዩ። እልል አትበሉ። ወርቁን እንዳለ ትፈልገዋለች። ጨሌውንም። የረሆቦትን ፎቶ አይታ። የግንባሩን ጌጥ ደግሞ…» ራሕማ ሻርፗን ሳብ አደረገች። «እጄ ላይ ነው የማደርገው ብላኛለች። እኔ ልጄ፣ ጠቅም ማለት ከግንባር ይጀምራል አልኳት። እማዬ፣ የማንም ነገር ከየትም ይጀምር አለችኝ። የመስቀሉን ነገር ግን ራሷ መጥታ ምን እንደሚሆን እትዬን ትጠይቅ ብዬ ተውኩት።»

መቅደላዊት ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ከሠርጉ ወዲህ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ጀምሮ፣ እንዲህ ተመችቷት ተቀምጣ አታውቅም። ጉትቻውን በመሐረቧ እየቋጠረች፣ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«እና ራሕማዬ፣ የእጅ ጌጥ ከጠቅም ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? አዎ ወይም አይ በይኝ።»

ራሕማ መልሷን የጀመረችው ተቀምጣ ነበር።